ስለ ባትሪ ነው

ሐምራዊት ትንሿን መሣሪያ ዓይኗ ላይ ደቅና ከመንገዱ ማዶ ያለውን የአውቶቡስ ማቆሚያ ምልክት አነጣጠረች። ቁልፏን ስትጫን መስተዋቱ ውስጥ ቀይ ቁጥር ብልጭ አለ።

«ሰማንያ ስድስት!» አለች። «አባዬ፣ እየው! ሲሪየስሊ፣ እየው!»

አባቷ ሀብተማርያም መሣሪያውን ተቀብሎ እንደ ዕንቁላል በሁለት እጁ ያዘው። የቆሙት በአሜሪካ፣ ኮለምበስ ከተማ፣ ከሞርስ ሮድ ወጣ ብሎ ባለ የአደን ዕቃ መደብር በር ላይ ነበር። ቀይ ጺም ያለው ወጣት ሻጭ ሁለት ዓይነት ርቀት መለኪያ ይዞ፣ «ውስጥ አይታወቅም፤ ውጭ ወጥታችሁ ሞክሩት» ብሎ አስወጥቷቸዋል። ሀብተማርያም ምልክቱን አየ፣ ከዚያ የመብራት ምሰሶውን፣ ከዚያ አንድ የቆመ ነጭ ቫን። ሦስት ጊዜ ተጫነ። ሦስቱንም ጊዜ ቁጥሩ ከጣቱ ቀድሞ የደረሰ መሰለው።

«ምኑን ነው የሚወረውረው?»

«ብርሃን። ሄዶ ይነካና ይመለሳል። የፈጀበትን ጊዜ ይቆጥራል።»

«አሁን? እዚህ ቆሜ ሳለሁ?»

«አዎ።»

ሀብተማርያም መሣሪያውን አውርዶ መንገዱን በባዶ ዓይኑ ተመለከተ። ብርሃኑ ያለፈበትን ዱካ የሚፈልግ ይመስል ነበር። አገር ቤት ሳለ አሥራ አንድ ዓመት ቀያሽ ሆኖ ሠርቷል፤ አሁን ሂሊያርድ ባለ መጋዘን ውስጥ የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳል።

«የጅማን መንገድ ስንቀይስ» አለ በቀስታ፣ «ሰማንያ ሜትር ገደል ለመለካት ግማሽ ቀን ፈጅቶብናል። አንዱ የሜትሩን ጫፍ ይዞ ይወርዳል፣ ሌላው ወዲያ ማዶ ይወጣል፣ መሐል ላይ ዝናብ ይመጣል። ይቺ ደግሞ… ኧረ የሰው ልጅ!»

ሐምራዊት አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። አባቷን ደክሞት አይታዋለች፣ ተናዶ አይታዋለች፣ ስልክ ላይ ሲስቅም ሰምታዋለች። አፉን ከፍቶ ሲደነቅ ግን የዛሬው የመጀመሪያዋ ነው።

አደኑን ያመጣው የሥራ ጓደኛው ጋሼ ኑረዲን ነው። ጋሼ ኑረዲን በየመከሩ ክሮስቦው፣ ማለትም ጠመንጃ መስሎ ፍላጻ የሚወረውር ቀስት፣ ይዞ አጋዘን ማደን ከጀመረ ስምንት ዓመቱ ነው። ዘንድሮ ሀብተማርያምን አሳመነው። የራሱን አሮጌ ክሮስቦው አስተካክሎ ሰጠው፤ ላዩ ላይ ባለው መነጽር ውስጥ ያሉትን መስመሮች አሳየው፤ የላይኛው ለሃያ፣ ቀጥሎ ያለው ለሠላሳ፣ ሦስተኛው ለአርባ፣ የመጨረሻው ለሃምሳ። «ርቀቱን ካወቅክ ሌላው ቀላል ነው» አለው። «ርቀቱን ካላወቅክ ግን እንስሳ ታቆስላለህ፤ እሱ ደግሞ ኃጢአት ነው፣ በአንተም በእኔም።»

ስለ ሥጋው ቀድመው ተስማምተዋል። ጋሼ ኑረዲን ቢስሚላህ ብሎ የጣለው የሙስሊም ሥጋ ነው፤ ሀብተማርያም በስመ አብ ብሎ የጣለው የክርስቲያን። የሐምራዊት እናት እናናዬ ጾመ ነቢያት ሳይገባ ትልቁን ድስት አጥባ እየጠበቀች ነው።

ሻጩ ሁለተኛውን መሣሪያ ወደ ሐምራዊት አቀረበ። ለአባቷ የሚናገረውን ሁሉ ለእሷ ነበር የሚናገረው፣ ያውም ቀስ እያለ። «ይሄኛው ዘመናዊ ነው። ከዛፍ ላይ ሆነሽ ወደ ታች ስታነጣጥሪ፣ የተዳፋቱን ርቀት ብቻ ሳይሆን አግድሙንም…»

ሀብተማርያም ከሻጩ ኪስ እስክሪብቶ መዘዘ። ማስታወቂያ ወረቀት ጀርባ ላይ ሦስት ማዕዘን ሣለ፣ አንዱን ጥግ አከበበና «ኮሳይን» አለ።

ሻጩ ወረቀቱን አየ፣ ሰውየውን አየ። ፊቱ እንደ ጺሙ ቀላ። «አዎ ጌታዬ። እሱን ነው የሚያሰላው።»

«እሱንማ እኔም አሰላዋለሁ በይው» አለ ሀብተማርያም ለልጁ፣ እየሳቀ። «ደግሞ እኛ መሬት ላይ ነን፣ ዛፍ ላይ አንወጣም። ለማንኛውም አንቺ ምረጪ።»

ሐምራዊት ሁለቱንም ይዛ ወደ ነጩ ቫን ሄደችና ተንበርክካ ከሥሩ ያለውን ጨለማ በየተራ አየችባቸው። የዘመናዊው ቁጥር ጥቁር ነው፤ ጨለማው ውስጥ ጠፋ። የቀላሉ ግን ቀይ ነው፤ እንደ ፍም በራ። አጋዘን የሚወጣው ጎህ ሲቀድና ሲመሽ እንደሆነ ከአባቷ ጋር በኦንላይን የወሰዱት የአዳኞች ትምህርት ነግሯታል።

«ይሄኛው» አለች ቀዩን አንሥታ።

«ብዙ ሰው ይህ የሚገባው ከገዛ በኋላ ነው» አላት ሻጩ። ደረቷ በኩራት ሞላ።

«በምንድን ነው የሚቆጥረው?» አለ ሀብተማርያም።

«በያርድ።»

«ኤዲያ! ሜትር የለውም?»

ሐምራዊት የታችኛውን ቁልፍ ጫን አድርጋ ስትይዘው ከቁጥሩ ጎን ያለችው ዋይ ወደ ኤም ተለወጠች። አባቷ ወዲያው ከመደብሩ በር እስከ መብራት ምሰሶው ድረስ መራመድ ጀመረ፤ እግሩን እኩል እየወረወረ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ። «አርባ!» ብሎ ምሰሶውን በመዳፉ መታው። «ስንት ይላል?»

ሐምራዊት ተጫነች። ቀይ ቁጥሩ መጣ።

«አርባ» አለች።

«እግሬ አልረሳም!» ብሎ ጮኸ ሀብተማርያም። ጋሪ የምትገፋ ሴት ዞር ብላ አየችው። «ሃያ ዓመት ሊሞላው እኮ ነው! አልረሳም!»

ይሄኔ ሻጩ ለሐምራዊት እንዲህ አላት፦ «ሜትር ላይ መሆኑ ችግር የለውም። ግን የክሮስቦው መነጽር መስመሮች በያርድ ናቸው። ለአደን ስትወጡ ወደ ያርድ እንዲመልሰው ንገሪው።»

ሐምራዊት ሰምታዋለች። ግን ከጠዋት ጀምሮ ስታስተረጉም ነው የዋለችው፤ መጀመሪያ የመኪናው ኢንሹራንስ፣ ቀጥሎ የአፓርትማው ቢሮ፣ አሁን ደግሞ ይሄ። ዓይኗም የአባቷ ሳቅ ላይ ነበር። «ኦኬ፣ ኦኬ» አለችው ሻጩን።

አባቷ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ መጣ። «ምን አለ?»

«ምንም። ስለ ባትሪ ነው።»

በማግሥቱ እርሻው ላይ ተለማመዱ። እርሻው ከከተማው በስተምሥራቅ አርባ ደቂቃ ያስነዳል፤ ባለቤቱ የጋሼ ኑረዲን ወዳጅ የሆኑ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፤ የአደን ፈቃዱን በእጃቸው ጽፈው፣ ፈርመው ሰጥተዋቸዋል። ጋሼ ኑረዲን የዚያን ቀን ሥራ ነበረው፤ አባትና ልጅ ብቻቸውን ነበሩ። ሀብተማርያም በእርምጃው ለካ፣ ሐምራዊት በመሣሪያው ለካች፣ ሁለቱ ተስማሙ። እሱ ተንበርክኮ ወረወረ።

በሠላሳው ላይ ፍላጻዎቹ ከዒላማው መሐል ሁለት ጣት ዝቅ አሉ። በአርባው ላይ አንድ መዳፍ ሙሉ። አምስት ጊዜ ሞከረ፤ አምስቱም ዝቅ።

«ምናልባት ክሮስቦው ነው» አለች ሐምራዊት።

«ኑረዲን ራሱ ነው ያስተካከለው።»

«ምናልባት…»

«ርቀቱን እግሬም ተናግሯል፣ መሣሪያውም ተናግሯል።» ፍላጻዎቹን አንድ በአንድ እየነቀለ ቆየ። «ዓይኔ ነው፣ ሐምሪ። ዓይኔ ደክሟል።»

መኪና ውስጥ ሬዲዮ አልከፈተም። ሰፈራቸው ኖርዝላንድ ሲደርሱ፣ ቤታቸው በር ላይ፣ «የዓይን ሐኪም ኮል አድርጊልኝ። ቅዳሜ እሞክራለሁ፤ ካልሆነልኝ ክሮስቦውን ለኑረዲን እመልስና ይበቃኛል» አላት። ቀያሽ ከዓይኑ ሌላ ምን አለው የሚል ነገር ከአፉ አልወጣም። ሐምራዊት ግን ሰማችው።

እስከ ዐርብ አልደወለችም። ዐርብ ከትምህርት ቤት እንደመጣች አልጋዋ ላይ ተጋድማ ወደ ዓይን ሐኪሙ ቢሮ ደወለች። ማሽኑ «ይጠብቁ» አላትና ሙዚቃ ከፈተላት። ስትጠብቅ እጇ የርቀት መለኪያውን ሣጥን አገኘና ያልታየችውን የመመሪያ ወረቀት አወጣ። ወረቀቷ ላይ ዋይ እና ኤም ጎን ለጎን በትልቁ ተጽፈዋል።

ሙዚቃው እየተጫወተ ነበር። ሐምራዊት ቀስ ብላ ተቀመጠች።

የሻጩ ድምፅ ቃል በቃል ተመለሰላት። አርባ ሜትር ማለት አርባ አራት ያርድ ነው። አባቷ መሣሪያው አርባ ሲለው በአርባው መስመር ነው ያነጣጠረው፤ ፍላጻው ግን አርባ አራት መጓዝ ነበረበት። ስለዚህ ወደቀ። የአባቷ ዓይን ምንም አልሆነም። እጁም አልተንቀጠቀጠም፤ አምስቱም ፍላጻዎች አንድ ቦታ ነበር የተሰኩት፣ እንደ ጣት ተጠጋግተው።

«ሄሎ? እንዴት ልርዳዎት?» አለች ስልኩ ውስጥ ያለች ሴት።

«ሶሪ» ብላ ዘጋችው።

አባቷ ሥራ ላይ ነበር። ደውላ ልትነግረው ስሙን ከፈተች። «ስለ ባትሪ ነው አላልሽም እንዴ?» ሲላት ታያት። አንድ ጊዜ ይህን ካላት፣ ከዚያ በኋላ ሐኪም ቤት፣ ባንክ፣ ትምህርት ቤት፣ በሄዱበት ሁሉ «ምን አለ?» ብሎ ሲጠይቃት መልሷን እንዴት ያምናል? ስልኩን አስቀመጠች። መሣሪያውን አነሣች። የታችኛውን ቁልፍ ጫን አድርጋ ያዘች። ኤም ወደ ዋይ ተለወጠች።

በቃ። ነገ ፍላጻው መሐሉን ይመታል። አባዬ ዓይኑ እንደተመለሰለት ያስባል። ማንም ምንም አያውቅም።

ቅዳሜ እርሻው ሲደርሱ ሰማዩ ገና ግራጫ ነበር። ጋሼ ኑረዲን ከኮረብታው ማዶ ወዳለው መሸሸጊያው ከመሄዱ በፊት ሀብተማርያምን ትከሻውን መታ አደረገው። «በል እንግዲህ፣ በስመ አብህን ቶሎ በል፤ ካልሆነ በእኔ ቢስሚላህ ትቀደማለህ፤ እናናዬም ድስቷን መልሳ ትሰቅላለች።»

«ሂድ ወዲያ!» አለ ሀብተማርያም፤ ሳቁ ግን አጭር ነበር።

አባትና ልጅ ድንኳናቸውን ከጫካው ጠርዝ አቆሙ። ቅጠል የተሣለበት፣ በአራቱም ጎን ትንሽ መስኮት ያለው ድንኳን ነው። ሀብተማርያም ከመግባቱ በፊት፣ ሜዳው መሐል እስካለው አሮጌ የአጥር ቋሚ ድረስ ተራመደ። ሣሩ በውርጭ ነጥቷል፤ እግሩ ባረፈበት ሁሉ ጥቁር ዱካ ቀረ። ሐምራዊት ከመስኮቱ ታየው ነበር። ሲመለስ «አርባ» አለ በሹክሹክታ። «አንቺስ?»

አነጣጠረች። ተጫነች። ቀዩ ቁጥር ጨለማው ውስጥ እንደ ፍም በራ።

አርባ አራት።

ይህን አላሰበችም። ጭራሽ አላሰበችም።

«ስንት?» አለ አባቷ።

«አርባ… አርባ አራት።»

ሀብተማርያም የአጥሩን ቋሚ አየ። ከዚያ እግሮቹን አየ፣ የሌላ ሰው እግሮች ይመስል። «አራት ሜትር ሙሉ?» ትንሽ ቆየና ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲህ እግሬም ከዓይኔ ተከትሎ ሄደ።» ክሮስቦውን ጭኑ ላይ አጋደመ። «ምንም አይደለም። የማደርገውን ወስኛለሁ። ያን ቀን አንድ መዳፍ ዝቅ ብሎብኝ የለ? ዛሬ አንድ መዳፍ ከፍ አድርጌ አነጣጥራለሁ።»

ሐምራዊት መሣሪያው ላይ ያለችውን ዋይ አየች። መሣሪያው አሁን ትክክል ነው። አንድ መዳፍ ከፍ ካለ ፍላጻው የአጋዘኑን ሳንባ ይስታል። የጀርባውን ሥጋ ይቀድዳል። እንስሳው ይሮጣል፣ ጫካ ይገባል፣ ለቀናት ይሠቃያል፣ አይገኝም።

«አባዬ…»

ሀብተማርያም እጇን ያዘ። አገጩን ብቻ ወደ ሜዳው አንቀሳቀሰ።

አንዲት አጋዘን ቆማ ነበር።

ስትመጣ አላዩአትም። ሜዳው ባዶ ነበር፤ አሁን ግን አለች። ጉም እስከ ጉልበቷ ይደርሳል፤ እግሮቿ ስለማይታዩ የተንሳፈፈች ትመስላለች። ጆሮዎቿ ለየብቻ ይዞራሉ፣ አንዱ ወደ መንገዱ፣ አንዱ ወደ ጫካው። ስትተነፍስ ከአፍንጫዋ ነጭ እንፋሎት ይወጣል፣ ይዘገያል፣ ይበተናል። ጀርባዋ ላይ ውርጭ አለ። ሐምራዊት እንስሳ ላይ ውርጭ እንደሚያርፍ አታውቅም ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ውጭ ነበረች ማለት ነው፤ እነሱ ሲተኙ፣ እነሱ ሲነሡ፣ መኪናው ውስጥ ማሞቂያ ሲያበሩ። ከኮለምበስ አርባ ደቂቃ ርቀት ላይ፣ ማንም ሳይነግራት፣ ይህ ሁሉ በየጠዋቱ ይሆን ነበር።

አባቷም አይተነፍስም ነበር። በግማሹ ፊቱ ላይ ጎህ ወድቋል። ያ የመደብሩ በር ላይ ያየችው አፍ እንደገና ተከፍቷል።

አጋዘኗ አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ ሄደችና ከአጥሩ ቋሚ አጠገብ ጎኗን ሰጥታ ቆመች። አንገቷን ወደ ሣሩ ዝቅ አደረገች። ሐምራዊት መሣሪያውን ማንሣት አላስፈለጋትም፤ አርባ አራት ነው።

ሀብተማርያም በከንፈሩ ብቻ «በስመ አብ» አለ። ክሮስቦውን ቀስ አድርጎ ወደ መስኮቱ አነሣ። ጉንጩን አሳረፈ። ጫፉ በጥቂቱ ከፍ አለ። ትንሽ ብቻ፤ አንድ መዳፍ። ጣቱ ወደ ቃታው ሄደ።

ሹክሹክታ አይሰማውም። ብትነካው ይተኩሳል። ዝም ብትል ደግሞ…

«አባዬ፣ እንዳትተኩስ!»

ድምፅዋ ድንኳኑን ሞላ። አጋዘኗ ቀና አለች። ለአንድ አፍታ ቀጥ ብላ አየቻቸው፤ ጥቁርና እርጥብ ዓይን። ከዚያ ጭራዋ እንደ ነጭ መሐረብ ተነሣ፣ አንዴ ዘለለች፣ ሁለቴ፣ ጉሙ ተሰነጠቀና ተመልሶ ተገጠመ። ሜዳው ላይ ምንም አልነበረም።

ሀብተማርያም ጣቱን ከቃታው ላይ አነሣ። የክሮስቦውን መቆለፊያ ዘጋ። ሁሉንም በዝግታ አደረገ። ከዚያ ዞሮ አያት።

«ሜትር አይደለም» አለች። «አርባ አራት ያርድ ነው። ትናንት እኔ ቀየርኩት። እግርህ ልክ ነው፣ አባዬ፤ አርባ ሜትር ነው። ዓይንህም ልክ ነው። መነጽሩ በያርድ ነው፣ እኛ በሜትር ነበርን። ለዚህ ነው የወደቀው።»

«ታዲያ ማን…»

«ሰውየው ነግሮኛል። መደብሩ በር ላይ። ስለ ባትሪ አልነበረም።»

ሀብተማርያም ፍላጻውን ከክሮስቦው ላይ አወጣ። አንድ ቁራ ጮኸ። ሐምራዊት ቁጣውን ጠበቀች፤ ቁጣው ቢመጣ ይሻላት ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላት በመጨረሻ።

«ያኔ ደክሞኝ ነበር። ትናንት ግን ፈራሁ። ከእንግዲህ ስተረጉምልህ የማታምነኝ መሰለኝ።»

አባቷ ፊቱን በመዳፉ ከላይ ወደ ታች ጠረገ። «እኔ እኮ ሳምንቱን ሙሉ፣» አለና ተወው። «ፎርክሊፍቱን ስነዳ እንኳ መደርደሪያ የምመታ መስሎኝ ነበር።»

«አይ ኖው፣ አውቃለሁ። ይቅርታ፣ አባዬ።»

«ሰው የነገረሽን አራት ቃል አንቺ ዘንድ አስቀርተሽ እኔ ዓይኔን ልጠርጥር?» አልጮኸም። ለዚህ ነው የከበዳት። «ሲደክምሽ ደክሞኛል በይኝ። እጠብቅሻለሁ። ሌላ ቀን እንመጣለን። ግን ጎርፍ የወሰደውን ድልድይ አለ አትበይኝ።»

ራሷን ነቀነቀች። እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

ስልኩ ኪሱ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ጋሼ ኑረዲን ነበር። ሀብተማርያም አንብቦ ለልጁ አሳያት፦ «ምን ነክቷችሁ ነው? አንዲት ሴት አጋዘን በአጠገቤ እንደ ጥይት አለፈች! ማን ነው የጮኸው?»

ሀብተማርያም ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በአንድ ጣቱ መጻፍ ጀመረ። ሐምራዊት በትከሻው በኩል አየች። «ሳል ይዞኝ…» ይላል።

ጋሼ ኑረዲን ያምነዋል። ወር ሙሉ መጋዘኑ ውስጥ «ሳሉ እንዴት ነው?» እያለ ይስቅበታል። አባቷም አብሮ ይስቃል። ነገሩ እዚሁ ድንኳን ውስጥ ይቀራል።

«አባዬ፣ ልየው?» ብላ እጇን ዘረጋች።

ሰጣት።

የጻፈውን አጠፋችው። የአማርኛውን ፊደል ሰሌዳ ብዙም አልለመደችውም፤ አንዷን ፊደል ለማግኘት ሦስት ጊዜ ትነካለች። ቢሆንም በእንግሊዝኛ አልቀየረችውም። አባቷ ጠበቃት፤ በመስኮቱ በኩል ፀሐዩ ሣሩን መንካት ጀምሯል፣ ውርጩም ከሜዳው ላይ እየተነነ ነው።

«ጋሼ ኑረዲን፣ ሐምራዊት ነኝ። የጮህኩት እኔ ነኝ። አባዬ በትክክል ነበር የለካው። ያሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ እንዴት እንደሆነ ስንገናኝ እነግርዎታለሁ።»

ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ላከችው።